ባለ ብር ጓንቱና የናዝሬቱ ሰዓሊ

ናዝሬት፣ ኅዳር 8 ቀን 1968 ዓ.ም.

ለአክስቴ ልጅ፣ ለእህት ዓለም ሣራ፣

የናፍቆት ሰላምታዬ ካለሽበት ከናይሮቢ ድረስ ይድረስሽ። አካም ጅርታ? እኛ፣ እናቴም ወንድሜ ነጋሳም፣ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። እናቴ «ያቺ ልጅ ከስታ ነው የሄደችው፤ ሰው አገር ደግሞ ማን ብይ ይላታል?» እያለች ስምሽን ሳታነሳ አትውልም።

የላክሽልኝ የሥዕል መጽሔቶች ደርሰውኛል። ጀግናው ባለ ብር ጓንቱ የተሰበረውን ድልድይ ከነባቡሩ ተሸክሞ የሚያነሣበትን ገጽ ከአልጋዬ በላይ ለጥፌዋለሁ። በሠፈራችን ያላየው ሰው የለም። ነጋሳ ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲመለስ መጀመሪያ እጁን አይታጠብም፤ መጽሔት ነው የሚያነሣው። ግን ቅሬታ አለኝ፤ እንደ ታላቅ እህት ቻይኝ። የሴቶቹን ጭንና ክንድ በሐኪም ቤቱ ወይን ጠጅ የቁስል ቀለም ለምን ቀባሽብኝ? እኔ ሱሪ የለበሱ መስሎኝ ነበር፤ ነጋሳ ነው ገጹን ወደ ፀሐይ ይዞ ያሳየኝ። ደግሞ አንዳንዶቹ ወሬ ብቻ ናቸው። ሰውዬው ጓንቱን አውልቆ ይቀመጣል፣ ከአንዲት ልጅ ጋር ይጨቃጨቃል፣ ዝናብ ይዘንባል፣ አለቀ። እንዲህ ያለው ምን ያደርግልኛል? ከመግዛትሽ በፊት ገለጥ ገለጥ አድርገሽ እዪ፤ ቡጢ ከሌለበት ተዪው።

እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ከጋሽ አብተው ዘንድ የማስታወቂያ ሥዕል እየለመድኩ ነው። የመጠጥ ቤት ስም እንጽፋለን፣ የጭነት መኪና በር ላይ አንበሳ እንስላለን፤ አሁን አሁን ደግሞ የቀበሌ መፈክር በዝቷል። ጋሽ አብተው «እጅህ ጥሩ ነው፤ ግን የምትስለው ሁሉ ሊማታ የተነሣ ይመስላል። ለጠጅ ቤት የሳልከው ብርሌ እንኳ ጡንቻ አለው» ይሉኛል።

በጉጉት የሚጠብቅሽ ወንድምሽ፣ ወዬሳ


ናይሮቢ፣ ጥር 20 ቀን 1968 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለወዬሳ፣

የጌታ ሰላም በቤታችሁ ይደር። አክስቴን እልፍነሽን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ብይ የሚለኝ ባይኖርም እበላለሁ በላት።

ቀለሙን በመቀባቴ አላፍርም። ኩየራ ሚሲዮን ያስተማሩኝ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ቢያዩ ምን ይሉኝ ነበር? የምገዛው መሬት ላይ ዘርግተው ከሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ነው። በነርስ ልብሴ ቆሜ ቡጢ መኖሩን እንዳጣራ ታዘኛለህ! አንድ ቀን ጨክኜ «የሚደባደቡበትን ይስጡኝ» ብላቸው ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። የመረጡልኝን ልኬልሃለሁ። በመካከላቸው የመዝሙር መጽሐፍ አለ፤ እሱንም ግለጠው።

የምናመልክበት አዳራሽ ተዘጋ የሚል ወሬ ሰማሁ። እውነት ነው? ነጋሳስ ለምን አንድ መስመር እንኳ አይጽፍልኝም?

እህትህ ሣራ


ናዝሬት፣ ግንቦት 6 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለእህት ዓለም ሣራ፣

ጤናሽ እንደምን ሰነበተ? መልስ ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ስለ አዳራሹ ጠይቀሽኝ ነበር። ሕንፃው ደህና ነው። በሩ ላይ ያለውን አዲሱን የቀበሌ ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ለላብ አደሮች ቀን አደባባዩ ላይ የሚቆም ትልቅ ሰሌዳ ታዘን ነበር። የቀበሌው ካድሬ ጓድ ባጫ መጥቶ «ወዛደሩን ሳሉልኝ፤ ግዙፍ ይሁን» አለ። ጋሽ አብተው ለእኔ ተዉት። እኔ ደግሞ የማውቀው ግዙፍ ሰው አንድ ብቻ ነው። ባለ ብር ጓንቱን ቱታ አለበስኩት፣ መዶሻ አስያዝኩት፣ ድልድዩን ከትከሻው አውርጄ ፋብሪካ አሸከምኩት። ጓድ ባጫ ራቅ ብሎ ትክ ብሎ አየውና «ይህን ሰው የት ነው የማውቀው?» አለ። ላቤ ጠብ አለ። «በየፋብሪካው አለ፣ ጓድ» አልኩት። «እውነትህን ነው!» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አሁን ሌሎች ቀበሌዎችም ያንኑ ሰውዬ ይፈልጋሉ። ከአቦምሳ ሳይቀር ትእዛዝ መጥቷል።

እንግዲህ ወሬ ያለበትን ጨርሶ አትላኪ። ከተማ የሚናወጥበት፣ ሕዝብ የሚያጨበጭብበት ይሁን። ብቻ ሽፋኑን ገንጥለሽ በጨርቅ ጠቅልይው። አሰሳ የነበረ ጊዜ እናቴ መጽሔቶቹን በጆንያ አድርጋ የዶሮዎቹ ቆጥ ሥር ከተተቻቸው። ፈታሾቹ ወደዚያ ሲጠጉ ዶሮዎቹ ተንጫጩባቸውና ተዉት። አንዳንዱ ገጽ ላይ እስከ ዛሬ ላባ አለ።

ነጋሳ የእናት አገር ጥሪ ደርሶት ታጠቅ ጦር ሰፈር ገብቷል። ሰላም ብሎሻል።

ወዬሳ


ናይሮቢ፣ ነሐሴ 2 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለወዬሳ፣

ሰላምና ጤና ለአንተ ይሁን። ስለ ሰሌዳው አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈህ ስለ ነጋሳ በአንድ መስመር ትጨርሳለህ? እዚህ ራዲዮው ስለ ምሥራቁ ጦርነት ሳያወራ የሚውልበት ቀን የለም። የት ነው ያለው? ጽፎላችኋል?

ለአንተ ከገዛኋቸው አንዱን አስቀርቻለሁ። ምሳዬን እየበላሁ ብገልጠው ምሳዬ ቀዘቀዘ። ባለ ብር ጓንቱ ገደል የገባ አውቶቡስ ከነተሳፋሪው ያወጣል፤ እያወጣ የእያንዳንዱን ሰው ስም ይጠራል። ከየት አወቀው? ጨርሼ እልክልሃለሁ።

ሣራ


ናይሮቢ፣ የካቲት 11 ቀን 1970 ዓ.ም.

ወዬሳ ወንድሜ፣

ከነሐሴ ወዲህ የላክኋቸው ደብዳቤዎች ሳይደርሱህ ቀርተው ይሆናል ብዬ እንደገና ጻፍኩ። ስለ መጽሔት አትጻፍልኝ። ስለ ነጋሳ ብቻ፣ ደህና ነው ወይም ሌላውን፣ የሆነውን ጻፍልኝ።

ጌታ ይጠብቃችሁ። ሣራ


ናዝሬት፣ ሐምሌ 15 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለእህት ዓለም ሣራ፣

ነጋሳ ተመልሷል። ሰላምታውን አስቀርቼ ይህን ያስቀደምኩት ቀሪውን ተረጋግተሽ እንድታነቢው ነው። በግራ ጆሮው አይሰማም። ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች መንምኗል፤ ዕቃ አይጨብጥም። ሜዳልያ ተሰጥቶታል። ወንጂ አልተመለሰም። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ጥሎ መንገዱን ያያል። ደብዳቤሽን ያልመለስኩት፣ ወሬው ሲጠፋ የምጽፈው ስላልነበረኝ፣ ሲመጣም እንዴት እንደምጽፈው ስለጠፋኝ ነው።

አንድ ቀን ይስቅ እንደሁ ብዬ አብረን ከምንወዳቸው አንዱን ሰጠሁት። ባለ ብር ጓንቱ ጠላቱን በቡጢ ሲለው ሰውዬው ትልቅ ሕንፃ በርቅሶ ያልፋል፤ ሕንፃው ይደረመሳል። ድሮ እዚያ ገጽ ላይ ስንደርስ ሁለታችንም እንጮህ ነበር። ነጋሳ ሕንፃውን በደህናው እጁ ጣት ነካና፣

«እዚህ ውስጥ ማን ነበር?» አለኝ።

«የት?»

«ቤቱ ውስጥ።»

«ማንም። ሰው አልተሳለም።»

«መጋረጃ ተስሏል» አለ።

አየሁት። እውነቱን ነው፤ አንዱ መስኮት ላይ አበባ አበባ ያለው መጋረጃ አለ። ያን ገጽ በቃሌ አውቀዋለሁ እል ነበር፤ መጋረጃውን ግን አይቼው አላውቅም። ነጋሳ ሳይቆጣ ሳያዝን መጽሔቱን መለሰልኝና ውኃ እንዳመጣለት ጠየቀኝ።

ከዚያ ወዲህ ድብድብ ስገልጥ ዓይኔ መስኮት ይፈልጋል። አልቻልኩም። ያ ወሬ ብቻ ነው ብዬ ያጣጣልኩትን የዝናቡን መጽሔት ፈልጌ አወጣሁት። ለካስ መጨረሻውን አላነበብኩትም ነበር። ዝናቡ ካባራ በኋላ ባለ ብር ጓንቱ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ የተቀደደ ጓንቱን ይሰፋል። ሁለት ገጽ ሙሉ አንድ ቃል የለም። መርፌው ይወጋዋል፤ ጣቱን ይመጥጣል፤ ይቀጥላል። እንዲህ ያለው ሲገኝ ላኪልኝ። ቡጢው ይቅርብኝ።

ወንድምሽ ወዬሳ


ናይሮቢ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለወዬሳ፣

ነጋሳን በሕይወት ላመጣልን ጌታ ተንበርክኬ ምስጋና አቅርቤአለሁ። ለእጁ የሚሆን ቅባት ከዚህ ጋር አለ፤ ማታና ጠዋት እሹት፣ ቸል አትበሉ።

ስለ መጽሔቱ ግን አልስማማህም። መስፋት እኔ ቀኑን ሙሉ የምሠራው ነው። የሚሰፋ ሰው ማየት ካማረኝ መስተዋት አለልኝ። ከሥራ ስወጣ የምፈልገው ሳይረፍድ የሚደርስ ሰው ነው። እኛ ክፍል ሁሉም የሚመጣው ከረፈደ በኋላ ነው፤ አምቡላንሱም፣ ሐኪሙም፣ ዘመዱም። ይሄ ሰውዬ ግን ይደርሳል። ሕንፃ ቢያፈርስም ይደርሳል። አንተ በሃያ ሦስት ዓመትህ ሸምግለሃል፤ ምን ላድርግህ? እኔ ገና ጀመርኩ። ሽማግሌው ሻጭ ሲያዩኝ ጯኺ ጯኺውን ለብቻ ያስቀምጡልኛል። ሴቶቹን መቀባትም ትቻለሁ፤ መድኃኒቱ ለቁስል ይፈለጋል።

እንግዲህ ጸጥተኞቹ የአንተ፣ ጯኺዎቹ የእኔ።

ሣራ


ናዝሬት፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእህት ዓለም ሣራ፣

ይህን ደብዳቤ ተቀብሎ የሚሄደው አብዱልመናን የሠፈራችን ሾፌር ነው። እስከ ሞያሌ ጭነት ያመላልሳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያደርስለት ሰው አለው። ስለዚህ እንዳለፉት ዓመታት በፖስታ «ደህና ነኝ፣ ደህና ሁኚ» ብዬ ብቻ አላበቃም።

ጋሽ አብተው ዓይናቸው ስለደከመ ሱቁን ለእኔ ትተዋል። የላክሽልኝን መጽሔቶች ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ አንዱ ወር ይቆየኛል። አሁን ማንን እንደምወድ ብነግርሽ ትስቂያለሽ። ከሥዕሉ በስተጀርባ ጥግ ላይ ጋዜጣ የሚሸጥ ሰው አለ፤ ስም የለውም። ሰማይ ሲነድ ሁሉም ወደ ላይ ያንጋጥጣል። እሱ ግን ጋዜጦቹን ነፋስ እንዳይወስድበት ድንጋይ ይጭንባቸዋል። ማንም ሳል ሳይለው ሰዓሊው በየእትሙ ይስለዋል። ድሮ ቢሆን ይህን ሰው ለማየት ጊዜ አልነበረኝም።

ለአሥረኛው የአብዮት በዓል በከተማው መግቢያ የሚቆም ሰሌዳ ታዘዝኩ። ጓድ ባጫ እንደ ወትሮው «ግዙፍ ይሁን» አለ። ግዙፍ አደረግኩት። ግን ከሥራ በኋላ የተቀመጠ ወዛደር ነው የሳልኩት፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ጥሎ መንገዱን ያያል። አንዱ ክንዱ ከሌላው ይቀጥናል። ፊቱ የነጋሳ ነው። ሌላ ነገር ለማለት አስቤ አይደለም፤ ደስ የሚለኝ እንደሱ ሆኖ ነው። ጓድ ባጫ ሊመርቅ መጣና ጨርቁ ተገለጠ።

«ይሄ ሰውዬ ምን ሆኗል?» አለኝ።

«ሲሠራ ውሎ ደክሞታል፣ ጓድ።»

«በአሥረኛው ዓመት? ደክሞታል ያለህ ማነው?»

በዚያው ወሰዱኝና የቀበሌው እስር ቤት አስገቡኝ። አልመቱኝም። በየቀኑ ግን «እንዲህ አድርገህ ሳል ብሎ ያዘዘህ ማነው?» ይሉኛል። የውጭ መጽሔት ሳነብ ልቤ እየቀዘቀዘ መጣ ልበላቸው?

የሚቀጥለውን የነገረችኝ እናቴ ናት። ነጋሳ ከጦር ሜዳ ከተመለሰ ወዲህ ከግቢ ወጥቶ አያውቅም። አንድ እሑድ ከበረንዳው ተነሣና «ኮቴን አምጪ» አላት። ሜዳልያውን እሷ ሰካችለት። ቀበሌ ሲደርስ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በደንብ ስለማይሰማ የሚናገረው ጮኾ ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ «ሰሌዳው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ!» አለ። ሰው ሁሉ ዞረ። ጓድ ባጫ ሜዳልያውን ሲያይ ለስለስ ብሎ «ና ተቀመጥ፣ ጓድ» አለው። ነጋሳ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ እጆቹንም ጉልበቱ ላይ ጣለ። ሌላ አቀማመጥ የለውም።

«ታሟል ካላችሁ ለእኔ ንገሩኝ፤ እሱ የሳለው ያየውን ነው» አለ።

በማግሥቱ ተፈታሁ። ሰሌዳው ግን እንዲጠፋ ተወስኖ ስለነበር ያጠፋሁትም እኔው ነኝ። ነጭ ቀባሁበትና ከላዩ ያንን የድሮውን ባለ መዶሻ ሳልኩት። እጄ በቃሉ ስለሚያውቀው ጊዜ አልወሰደብኝም። መንገደኛው ያደንቀዋል። እኔ አልጠላሁትም፣ አልወደድኩትምም።

ወዬሳ


ናይሮቢ፣ መጋቢት 4 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለወዬሳ፣

ደብዳቤህን ቆሜ አነበብኩት፤ ሲያልቅ ነው የተቀመጥኩት። ጌታ ለነጋሳ ጉልበት ይጨምርለት።

እዚህ ለልጆች የትምህርት መጽሐፍ የሚያትም ማተሚያ ቤት አለ፤ ሰዓሊ ይፈልጋሉ። ባለፉት ዓመታት በደብዳቤህ ጠርዝ ላይ የምትስላቸውን ሰዎች አሳየኋቸውና «ይምጣ» አሉ። እኔ ካለሁበት ብዙ የማይርቅ ክፍል አይቼልሃለሁ። አብዱልመናን መንገዱን ያውቃል። ክረምቱ ሲገባ ፈቃድ ወስጄ ሞያሌ እጠብቅሃለሁ። አሁን ካልወጣህ መቼ ልትወጣ ነው? ሁለተኛ ቢይዙህ ነጋሳ ሌላ ሜዳልያ የለውም።

ና። ሣራ


ናዝሬት፣ ግንቦት 19 ቀን 1977 ዓ.ም.

እህት ዓለም፣

ሞያሌ ላለ የኅብረት ሱቅ ሰሌዳ እንድሠራ የይለፍ ወረቀት አግኝቻለሁ። በሰኔ አጋማሽ ከአብዱልመናን ጋር እመጣለሁ። የቀረውን ፊት ለፊት።

ወዬሳ


ናይሮቢ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለወዬሳ፣

በሰላም ገብቻለሁ፤ እንዳታስቡ። ከመኪናው ስትወርድ ብሩሽና የቀለም ጣሳ እንጂ ሻንጣ እንዳልያዝክ ሳይ ገባኝ። ለምን በደብዳቤ አልነገርከኝም? ሁለት ቀን ሙሉ በአቧራ የተንገላታሁት አልሻገርም የሚል ቃል ለመስማት ነው? ክፍሉን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። አልተቀየምኩም ብዬ ብጽፍልህ ውሸት ይሆንብኛል።

ለአክስቴ ሰላምታ አቅርብልኝ።

ሣራ


ናዝሬት፣ ጥቅምት 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእህት ዓለም ሣራ፣

ቅያሜሽን የሚያበርድ ሰላምታ ባውቅ እሱን አስቀድም ነበር። እናቴ ደህና ናት። ነጋሳም ደህና ነው።

ሞያሌ ላይ ስትጠይቂኝ በቅጡ ያልመለስኩልሽን ልጻፍ። ነጋሳ ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ከግቢ መውጣት ጀምሯል። በየጠዋቱ ከእኔ ጋር ሱቅ ይመጣል። መጀመሪያ ተቀምጦ ያይ ነበር። አሁን የፊደሉን ጠርዝ እኔ አወጣለሁ፣ ውስጡን እሱ በግራ እጁ ቀለም ይሞላል። ከመስመር ሲወጣ ራሱን በኦሮምኛ ይሳደባል፤ ከዚያ ይስቃል። ስለ ወንድሙ ሲል ተሠዋ እንዳትዪኝ። አልተሠዋሁም። ጠዋት ተነሥቼ ያንን ሱቅ መክፈት ስለምፈልግ ነው የቀረሁት። በደብዳቤ ያልነገርኩሽ ደግሞ፣ ብነግርሽ ስለማትመጪ ነው። ላይሽ ፈልጌ ነበር። አሥር ዓመት አለፈን።

ድንበሩ አጠገብ ባለው ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጠን «ትሻገራለህ?» አልሽኝ። «አልሻገርም» አልኩሽ። «ፈርተህ ነው?» «አይደለም።» «ድሮ እንዲህ አልነበርክም» አልሽ። «ድሮ ሃያ ዓመቴ ነበር» አልኩሽ። ከዚያ ፊትሽን አዙረሽ ከቦርሳሽ መጽሔት አወጣሽ፤ ሽፋኑ ላይ ጨረቃ ለሁለት ይሰነጠቃል። መጀመሪያ እኔን ላለማየት ብለሽ ነው የያዝሽው፤ አልገለጥሽውም እንኳ። ቆይተሽ ገለጥሽው። ትንሽ ካነበብሽ በኋላ መነጽርሽን አደረግሽ። መነጽር እንደጀመርሽ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ እኔን ረስተሽኛል። ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል። ቡጢው ሲሰነዘር ትከሻሽ አብሮ ይሄዳል። አንዴ «በለው!» ስትዪ ባለ ሻዩ ዞሮ አየሽ፤ አንቺ አላየሽውም። ስለ እነዚያ መጽሔቶች የማስበውን ሁሉ ልነግርሽ በመንገድ ሙሉ ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። አንዱንም ሳልናገር ቀረሁ፤ ልናገርም አላማረኝም። ሻዬን እየጠጣሁ አንቺን አየሁ። ጸጉርሽ ከፊት ለፊት ሸብቷል። ደስ ብሎኝ ነበር።

ስንሰነባበት ተቆጥተሽ «ሾፌሩ ያን ሁሉ ሲጠራህ ምን ያስቀምጥሃል?» አልሽኝ። አብዱልመናን ጥሩምባውን ሲነፋ፣ ደግሞ ሲነፋ ሰምቻለሁ። ጥቂት ገጽ ቀርቶሽ ነበር። እስክትጨርሺ እየጠበቅኩ ነበር።

ወንድምሽ ወዬሳ